የአርጆ ቁልቁለት ሳይክል

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ
ግንቦት 12 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለእህቴ ለብፅዓት፣

አካም ጅርታ ብፅዓትዬ? ቤቱ ነጋዳ? እኔ ማርያም ትመስገን ደህና ነኝ። ስሟን በደብዳቤ መጥራቴን እንደማትወጂ አውቃለሁ፤ ግን አንቺ ቸርች ለወጥሽ ብዬ እኔ አልተዋትም፣ ቻይው።

መልሱ የዘገየው በእኔ ጥፋት አይደለም። ስልኩ ከተቆረጠ ስንት ወሩ፤ ያለን ታፋ ሹፌሩ ብቻ ነው። የታፋ አባዱላ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ኡኬ መግቢያ ላይ ሦስት ጥይት በላች። ከኋላ ወንበር የነበረች ሴትዮ እዚያው ቀረች። ጋራዥ ሲያስገባት ደርሼ ደሙን በባልዲ አብሬው አጠብኩ። ወንበሩ ስፖንጅ ነውና ቢያጥቡት ቢያጥቡት ቀይ ውሃ ይተፋል። ሰውየው ግን ዛሬ ወደ አርጆ ሊነሣ ነው፣ እብድ!

ወደ ጉዳይሽ ልግባ። ለኮብሉም ለገደሉም የሚሆን አንድ ሳይክል ሥራልኝ ትያለሽ። እንዴ! ይኼ እኮ አንድ ጫማ ለሠርግም ለእርሻም አምጣልኝ እንደማለት ነው። ቀጭን ልሙጥ ጎማ ኮብል ላይ ይበርራል፣ ጭቃ ላይ ግን ያጋድምሻል። ጥርሳም ጎማ ዳገቱን ይቧጥጣል፣ ከተማ ውስጥ ግን ጉልበትሽን ይበላል። መሐሉ ልሙጥ፣ ጠርዙ ጥርስ ያለው አለኝ፤ እሱን አስቤያለሁ። ፍሬሙ ብረት ይሁን። አሉሚኒየም ይቀላል፣ ሲሰበር ግን አርጆ ውስጥ የሚበይድልሽ የለም። ፍሬኑን ገና አልወሰንኩም፤ መጀመሪያ መንገዱን ንገሪኝ። ስንት ኪሎ እንደሚጫንበትም ጻፊልኝ።

አንድ ነገር የግድ ነው። ባዶ እግርሽን ግድግዳ ተደግፈሽ ቁሚና ከመሬት እስከ ብሽሽትሽ በገመድ ለኪ። ቋጠሮ አድርገሽ ገመዱን ላኪልኝ። ያለ እሱ ፍሬም አልመርጥም።

እዚያ ቤት ላለው ሰውዬ ሰላም አልልም። ምክንያቱን ታውቂዋለሽ።

ወንድምሽ ሠርፀ

*

አርጆ
ግንቦት 26 ቀን 2014

ውድ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከረምክ? እኛ በጌታ ቸርነት ደህና ነን። አማቴ፣ የጨመዳ አባት ኦቦ ጂሩ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸው ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ሦስተኛ ወራቸው ነው። አንድ ዓይናቸው ብርሃንና ጨለማ ይለያል፣ ሌላው እሱንም አይለይ።

መንገዱ እንዲህ ነው። ከቤት እስከ ጤና ጣቢያው ኮብል ነው፣ የየዕለቱ ይኸው ነው። ማክሰኞና ዓርብ ግን ክትባት በበረዶ ሣጥን ተጭኖ ወደ ቆላ ቀበሌዎች ይወረዳል። አሥራ ሁለት ኪሎ ነው ሣጥኑ። መውረጃው ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ድንጋያማ ቁልቁለት ነው፣ በክረምት ጭቃና ጉም ይጨመርበታል። በፊት በሞተር ነበር የሚኬደው። ባለፈው ወር መሣሪያ የያዙ ሰዎች መጥተው የጤና ጣቢያውን ሞተር ወሰዱት፤ ጥበቃውን ቁልፉን ሰጥቷቸውም እንኳ በሰደፍ ራሱን ፈነከቱት። የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ አሥራ አራት ቦታ። ግራ ጆሮው እስካሁን አይሰማም። ከዚያ ወዲህ ሞተር የሚባል ሁሉ በአካባቢው ተከልክሏል። ቆላ ያሉትን ሕፃናት ደግሞ ኩፍኝ እየጨረሳቸው ነው። በእግር ቢኬድ በረዶው ይቀልጣል፣ ክትባቱም ይበላሻል። ሳይክል ከሌለ አለቀ።

ማን ይነዳዋል ትል ይሆናል። ጤና ጣቢያው ነው የሚነዳው በለው።

በታፋ በቃል ልከህ የጠየቅኸውንም ልመልስልህ። ጨመዳ ጥርሱን አላስተከለውም። ሲስቅ ክፍተቱ ይታያል። ሽማግሌ ይዞ እኔን ሊለምን የመጣን ሰው በሳይክል ፓምፕ ጥርሱን አርግፈህ፣ ለእርቅ ሦስት ጊዜ የተመላለሱትን በር ዘግተህባቸው፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ጥርሱ እንዴት ሆነ ትላለህ? አንተ ሰው እኮ ትገርመኛለህ።

ገመዱ ከደብዳቤው ጋር አለ።

ብፅዓት

*

ነቀምቴ
ሰኔ 9 ቀን 2014

ብፅዓትዬ፣

ገመዱን ለካሁት። ቆይቼ ደግሜ ለካሁት። እሰይ እህቴ! በስድስት ዓመት ውስጥ አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር እግር አብቅለሻል። ጤና ጣቢያው ምን ያበላሻል?

እሺ፣ ገብቶኛል። ሠርፀ አልገባውም በዪው። እንደዚያ ይሻላል፣ ለእኔም ለእሱም።

የረጅም ሰው ፍሬም መረጥኩ። ፍሬኑ ዲስክ ነው፣ ግን በዘይት የሚሠራውን ትቼ በሽቦ የሚሳበውን አድርጌዋለሁ፤ ሽቦ ቢበጠስ ከየትም ይገኛል። ማርሹ ከፊት አንድ፣ ከኋላ ዘጠኝ ነው። ከፊት ሁለትና ሦስት ጥርስ መደርደር ጭቃ መሰብሰቢያ ነው፣ ካቴናውን ሲጥል ይውላል። ከኋላ ትልቁ ጥርስ እንጀራ ሊያክል ምንም አልቀረው፤ በእሱ የአርጆን ዳገት ሣጥኑን ተሸክሞ ቁጭ ብሎ ይወጣዋል። የዕቃ መጫኛውን ራሴ በየድኩ።

የኋላው ሞዞ፣ ማለት ቸርኬው መሐል ያለው፣ እሱ ሌላ ነው። መንገዱ ሳይዘጋ ከባሕር ዳር ያስመጣሁት ነው። ሦስት ዓመት መስታወት ውስጥ ተቀምጦ ስንቱ ሲለምነኝ እምቢ ብያለሁ። ውስጡ ስድስት ምላስ አለው፤ ፔዳሉን አቁመሽ ስትንሸራተቺ ምላሶቹ ጥርሱ ላይ እየዘለሉ ይጮኻሉ። ተራው ሞዞ ሁለት ምላስ ነው ያለው፣ ይንሾካሾካል። ይኼኛው ሲያልፍ ግን ነቀምቴ ሙሉ ዘወር ይላል። የሳይክል ሰው በድምፁ ነው የሚከበረው፣ እስካሁን ያልሰማ የለም።

እሱን ነው የገጠምኩለት። ሌላ ቃል እንድጽፍ አታስገድጂኝ፣ አልችልበትም።

ትናንት ከሱቄ ፊት ለፊት አንድ ሰው በጠራራ ፀሐይ በሽጉጥ ተገደለ። ሁለት ጊዜ ተኩሰውበት ሲወድቅ ቆመው ሦስተኛ ጨመሩለት። እኔ የዚህን ቸርኬ ሽቦ እየወጠርኩ ነበር። አንዱን ሽቦ ከልክ በላይ ወጥሬ በጠስኩት፤ ለውጬዋለሁ፣ አታስቢ።

ሠርፀ

*

አርጆ
ሐምሌ 2 ቀን 2014

ወንድም ጋሼ፣

በሰላም ደርሷል። ጨመዳ ምን አለ ትል ይሆናል። ዙሪያውን እየዞረ በጣቱ ሲነካካው ቆየና «ሶዳ ኮ እጁ ከባድ ነው፣ በፓምፑም በመፍቻውም» ብሎ ሳቀ። ሶዳ ብሎ አማቼ ሲልህ በስድስት ዓመት የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ገበያውን ሁለቴ ዞሮ ተመለሰ። ሰው ሁሉ እየወጣ አየው። እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ቆይቷል።

እስከ ትናንት አምስት ጊዜ ወርዷል፤ ከመቶ ሰባ በላይ ሕፃን ከትቧል። ኮርቻው ትንሽ ይጠብበዋል እንጂ ሌላ እንከን የለውም። ፍሬኑ ጭቃ ውስጥም ይይዛል።

አሁን የምለምንህን ስትሰማ እንዳትቆጣ። ያን ድምፅ እንዴት ነው የሚያጠፉት? ቁልቁለቱ መሐል የመታጠፊያ ቦታ ላይ ሰዎች መቀመጥ ጀምረዋል። የማን ወገን እንደሆኑ የሚያውቅ የለም፤ የሚጠይቃቸውም የለም። ባለፈው ዓርብ በቅሎ የሚነዳ ነጋዴ እዚያ ተገኝቷል፣ አንገቱ እስከ አጥንቱ ተቆርጦ። በቅሎዋንም ገድለዋታል፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። ጨመዳ መውረዱን አልተውም አለ። ሰው ያውቀኛል፣ የሕፃናቱ ሐኪም ነኝ ይላል። ጉሙ ሲወርድ ግን አምስት እርምጃ አያሳይም፤ ማን ማንን ያውቃል? ድምፁ ብቻ ነው ቀድሞት የሚደርሰው።

እባክህ ቶሎ መልስልኝ።

ብፅዓት

*

ነቀምቴ
ሐምሌ 12 ቀን 2014

ብፅዓት፣

ደብዳቤሽን ሳነብ መፍቻውን ወርውሬ የሱቄን መስታወት ሰበርኩት። አዎ፣ ተቆጥቻለሁ! ያን ሞዞ ዝም አሰኘው ማለት ዘፋኝ ቀጥሮ አፉን እንደ መስፋት ነው ብዬ ስፎክር ዋልኩ። ሲመሽ በቅሎዋ ትዝ አለችኝና አፈርኩ። የእኔ ነገር! እዚህ አስፋልት ላይ ቁጭ ብዬ ለከተማ ልጅ የሚያምርለትን ነገር እዚያ ጫካ ውስጥ ላክሁት። የገደሉን ጎማ አስቤ፣ የገደሉን ፍሬን አስቤ፣ ጆሮን ረሳሁ።

ከታፋ ጋር አንድ ቆርቆሮ ግሪስ ልኬያለሁ። የኋላውን ቸርኬ ያውጣው፤ የጥርሶቹን ክምር ወደ ውጭ ይሳበው፣ ይወጣል። ስድስቱን ምላሶች ያያቸዋል። በጣቱ ጫፍ እየነካ ምላሶቹ ሥር ግሪሱን ይሙላበት። ከመጠን ካለፈ በአርጆ ብርድ ይረጋና ምላሶቹ ይያዛሉ፤ ያኔ ዳገት ላይ ፔዳሉ ያመልጠዋል። ቢያመልጠውም ይሻላል። ይሙላው! ይሙላው በዪው! የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

እና ደግሞ፣ ኮርቻው የጠበበው ወደፊት ስላጋደለ ነው፤ ከሥሩ ያለችውን ብሎን ያላላ። መስቀል ሲያልፍ መጥቼ ራሴ አስተካክለዋለሁ። ሽማግሌ አያስፈልግም፤ በራሴ አፍ የምለውን እላለሁ። ይኼን ንገሪው። ወይም ተይው፣ አትንገሪው፣ እኔ ልንገረው።

ወንድምሽ

*

አርጆ
ነሐሴ 6 ቀን 2014

ወንድም ጋሼ፣

ሳልጽፍልህ ስለቆየሁ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ግሪሱ ደርሶናል። ኦቦ ጂሩ ደህና ናቸው፣ እህል ግን እምቢ ብለዋል።

የታጠፈ ቸርኬ ይቃናል ወይስ ይጣላል? ፍሬሙ አልተነካም።

እዚህ ዝናቡ አላባራም። ከመስቀል በኋላ መምጣትህን ተወው፤ መንገዱ ጥሩ አይደለም።

ብፅዓት

*

ነቀምቴ
ነሐሴ 14 ቀን 2014

እህቴ፣

ይኼ ምን ዓይነት ደብዳቤ ነው? የእሱ ሰላምታ የት አለ? ቸርኬ በምን ታጠፈ?

ታፋ ደብዳቤውን ሲሰጠኝ ዓይኔን ማየት አቃተው። አናግረኝ ብለው ወደ መኪናው ዞረ። አንገቱን አንቄ ከአባዱላው ጋር አጣበቅሁት፤ ሰው ባይገላግለን እገድለው ነበር። «ሞቷል» አለኝ። በምን? «በጥይት።» እንዴት? «እህትህን ጠይቅ፣ እኔን ልቀቀኝ።» ደም እየተፋ ነው የነገረኝ፣ ከንፈሩን ሰንጥቄበታለሁ። የደብዳቤያችን ሰው እሱ ነው፣ ይኸው ውለታውን መለስኩለት።

ያንቺን ባል ቀብራችሁ እኔ ሳይክል ሳቃና ልኖር ነበር? ስንት ቀን ሆነው?

አንድ ነገር ብቻ በሐቅ ንገሪኝ። ግሪሱን አስገብቶት ነበር ወይስ አላስገባውም?

ሠርፀ

*

አርጆ
ነሐሴ 22 ቀን 2014

ወንድም ጋሼ፣

ዓርብ፣ ሐምሌ 22 ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ በጉም ወረደ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ተኮሱበት። ሁለቱ ሆዱ ላይ፣ አንዱ ጉሮሮው ላይ፣ አንዱ ቸርኬው ላይ። ያመጡልኝ ለእኔ ነው፤ ጤና ጣቢያው ውስጥ ያለሁት ነርስ እኔ ነኛ። ገና ትንፋሹ ነበረች። ጉሮሮውን በሁለት እጄ ይዤ ተንፍስ፣ ተንፍስ እያልኩ ስጮህበት አለቀ። ደሙ ክንዴ ላይ ደርቆ ሳምንት ሙሉ ያለ የመሰለኝ ስንት ጊዜ ታጥቤ ነው።

የጠየቅኸኝን እመልስልሃለሁ፣ ካልመለስኩልህ አትተኛምና። አላስገባውም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ቆርቆሮው ግማሹ ተከፍቶ፣ ላዩ ላይ የአንድ ጣት አሻራ ብቻ ነው ያለው። እንጨት ስትለቅም ይዘዋት የነበረች ሴትዮ እዚያው ነበረች፤ ቁልቁል ሲንቀጫቀጭ ሰምተው «መሣሪያ እያቀባበሉ እየመጡ ነው» ብለው ነው የተኮሱት። ሣጥኑን ከፍተው ክትባት መሆኑን ሲያዩ አንደኛው ሌላውን በጥፊ መታው አለች። ይኼው ነው።

ይኼን ከእኔና ከሴትየዋ በቀር የሚያውቅ የለም። አንተም ታውቃለህ፣ ዝም በል። ኦቦ ጂሩ ጥርሱን አልረሱም። የጨመዳ ዘመዶች ጎራ እየለዩ ነው የሚያወሩት። ጥርሱን የሰበረው አማራ የሞቱንም ሳይክል ሠራለት ይሉሃል፤ አውቆ ነው ይሉሃል፤ በዚህ ጊዜ ይኼ ምን እንደሚያስከትል ላንተ አልነግርህም። ባሌን ቀብሬያለሁ። ዝም በል፣ ለምኜሃለሁ።

ብፅዓት

*

ነቀምቴ
መስከረም 3 ቀን 2015

ለተከበሩ ኦቦ ጂሩ፣

ይህን የምታነብልዎት እህቴ ናት። ልታቋርጥ ትፈልጋለች፤ እባክዎ እስከ መጨረሻው አንብቢ ይበሏት።

እኔ ሠርፀ ነኝ፣ የልጅዎን ጥርስ የሰበርኩት። ያን ሳይክል እኔ ሠራሁት። ድምፁ የሚጮኸውን ሞዞ መርጬ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ ማለት አፌን ሲያቃጥለኝ በብረት ልልለት ፈልጌ ነው። ተኩሰው የገደሉት ሰዎች ያንን ድምፅ የመሣሪያ ድምፅ መስሏቸው ነው። ገደሉን አላሰብኩም፣ ለጌጥ አሰብኩ። ልጅዎን የገደለው የእኔ እጅ ነው፣ አውቄ ግን አይደለም። በእመቤቴ እምልልዎታለሁ፣ አውቄ አይደለም።

የእናንተ የጉማ፣ የደም ዕርቅ ወግ ሳያውቅ የገደለም ይቀርባል ይላል። እቀርባለሁ። ቀኑን ይንገሩኝ። ዘመዶችዎ ቢመቱኝ እጄን አላነሣም፤ ቢገድሉኝም ብፅዓትን እንዳይነኩብኝ ብቻ ይዘዙልኝ።

ሠርፀ

*

አርጆ
መስከረም 15 ቀን 2015

ለሠርፀ፣

እኔ ጂሩ ነኝ። በኦሮምኛ እናገራለሁ፣ እሷ በአማርኛ ትጽፋለች።

ደብዳቤህ መሐሉ ላይ ሲደርስ ከዘራዬን አንሥቼ ግድግዳውን ደበደብኩት፣ ጭቃው እስኪረግፍ። የምደበድበው አንተን ነበር። አጠገቤ ብትሆን በዚህ ዕድሜዬ ራስህን እከፍለው ነበር። ይኸው እውነቴን ነገርኩህ።

ከዚያ ደክሞኝ ተቀመጥኩ። አሁን አንተ የማታውቀውን ስማ።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ደጅ ላይ ቸርኬውን ፈትቶ ሲቀመጥ ሰማሁት። ግሪሱ ሸተተኝ። ምን ልታደርግ ነው አልኩት። ድምፁን ላጠፋው ነው አለኝ። ተው አልኩት። እኔ ዕውር ነኝ፣ ከገበያው ወደ ቤት ስትወርድ መምጣትህን የማውቀው በዚያ ነው፤ እስክሰማህ ድረስ ከደጅ አልገባም፤ እሱን አትውሰድብኝ አልኩት። «አባ፣ እሺ» አለኝና ጣቱን ሣሩ ላይ ጠርጎ ቸርኬውን መለሰ። ልጄ እሺ ባይ ነበር።

የጉማ ወግ ገዳይ ለሟች አባት ይቅረብ ይላል። አባትየው ራሱ የገደለ ጊዜ ማን ለማን እንደሚቀርብ አላውቅም። ሽማግሌዎቹንም አልጠየቅኋቸውም፣ አፍሬ። እንዲህ ብለሽ ጻፊ ስላት እጇ ቆመብኝ። ብፅዓት፣ ጻፊ። ጻፊ እንጂ ልጄ።

ለዘመዶቻችን ነግሬያቸዋለሁ። ድምፁ አይጥፋ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ጣት የሚቀስር ወደ እኔ ይቀስር ብያቸዋለሁ። አንተን የሚነካህ የለም።

ጂሩ

ወንድም ጋሼ፣ ከዚህ በታች ያለው የራሴ ነው።

ይህን የሰማሁት ዛሬ ነው፣ እየጻፍኩት። እስክሪብቶውን ሰብሬ ወርውሬዋለሁ፤ ይኼ ሌላ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ጨመዳን ነበር በልቤ ስሰድበው፤ ሰነፍ፣ ግትር፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ አቅቶት ሞተብኝ እያልኩ። መቃብሩ ላይ ቆሜ ሰድቤዋለሁ፤ አንድም ቀን በደንብ አላለቀስኩለትም። እሳቸው ይህን ሁሉ ጊዜ ጎኔ ተቀምጠው ዝም አሉኝ።

አንተ እኔ ነኝ ትላለህ፣ እሳቸው እኔ ነኝ ይላሉ። አንዳችሁን ብቻ ብጠላ ሌላችሁ በቀረልኝ ነበር። አሁን ደጅ ተቀምጠው ስሜን ይጠራሉ፣ አልመለስኩላቸውም። ምሳቸውን ግን አቅርቤያለሁ።

ማክሰኞ ታፋ ሲነሣ አብረህ ና፤ መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቀው። ስትደርስ ሽማግሌ አትጠብቅ፣ ደጅም አትቁም፣ ግባ። ይቅር ብዬህ አይደለም፣ ለእሳቸውም አላልኩም። ሁለታችሁንም አንድ ቤት አስቀምጬ የምጮኸውን እስኪበቃኝ ልጩኽባችሁ። የሚሆነውን ከዚያ በኋላ እናያለን። ብቻ በእግሬ እመጣለሁ፣ በአቋራጭ እመጣለሁ እንዳትል። አንተን ደግሞ መቅበር አልችልም።

ብፅዓት